«አሳታሚ ስላጣ» ስለሚለው አገላለጽ

ይድረስ ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል፤

አንድ የድሬዳዋ ወጣት ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ደርሶ፣ በራሱ ወጪ ስቱዲዮ ገብቶ ያወጣውን አልበም አስመልክቶ በባለፈው እትማችሁ የቀረበው ጽሑፍ፣ «አሳታሚ ስላጣ» ብሎ መጀመሩ ቅር አሰኝቶኛል። ጸሐፊው እንደ እጦት የቆጠሩት ነገር በእኔ እይታ የልጁ ትልቁ ትርፍ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲነት መብት በደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ የድምፅ ቅጂው ባለቤትም የራሱ የሆነ የ50 ዓመት መብት አለው። ድምፃውያን ብዙውን ጊዜ ይህን ሁለተኛውን ለአሳታሚ ሸጠው፣ ዘፈናቸው በየሠርጉ ሲጨፈርበት ቆመው ያያሉ፤ እሱ ግን ሁለቱንም በእጁ አስቀርቷል።

እርግጥ ነው፣ የገንዘብ እጥረቱ ይሰማል። በሦስተኛው ዘፈን ክራሩ ሊገባ ሲል የባጃጅ ጥሩምባ ከሩቅ ሾልኮ ገብቷል፤ ከበሮው ደግሞ በኮምፒውተር የተሠራ በመሆኑ ድርቅ ይላል። (ጥሩምባውን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወድጄዋለሁ፤ የከዚራ ሰፈራችንን ከሰዓት በኋላ ያስታውሰኛል።)

ያበሳጨኝ ሌላ ነው። አልበሙ በወጣ በሳምንቱ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ አንድ ሱቅ ስገባ፣ ባለሱቁ ሙሉውን ከሌሎች ዘፈኖች ጋር ቀላቅሎ በፍላሽ እየገለበጠ ይሸጥ ነበር። ስለ ባለመብቱ ብጠይቀው «የማን እንደሆነ በምን ላውቅ?» አለኝ። ጽሑፋችሁም ቢሆን አንባቢ አልበሙን ከየት በሕጋዊ መንገድ እንደሚገዛ አንድ መስመር አልጻፈም፤ በሚቀጥለው እትም ብታርሙት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ