ጉዳዩ፦ በመማሪያ ክፍሎችና በየቤቱ ስለሚታየው ጉንዳን

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ማጠቃለያ ፈተና በሰኔ መጀመሪያ ይሰጣል፤ ፕሮግራሙን በልጆቻችሁ መገናኛ ደብተር እንልካለን። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳን ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ በተለይ ከመዋዕለ ሕፃናት ወላጆች ስለ ጉንዳን ተደጋጋሚ አቤቱታ ደርሶናል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ክፍሎቹ ለምን አይረጩም?» መልሳችንም አንድ ነው፤ አንረጭም። ወጪ ለመቆጠብ ብለን እንዳልሆነ እንድታምኑን እንለምናለን።

ግድግዳ ላይ ተሰልፈው የምታዩዋቸው ምግብ ፍለጋ የወጡ ሠራተኞች ናቸው። ንግሥቲቱ፣ እንቁላሉና ከእንቁላሉ የወጣው ትል መሰል እጭ ከወለል በታች ወይም ግድግዳ ውስጥ ናቸው። ርጭቱ የሚገድለው የወጡትን ነው፤ ንግሥቲቱ በምትካቸው ሌላ ትፈለፍላለች። በየኩሽናው የምትታየው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትረዝም ቢጫማ ቁጫጭ ደግሞ ከዚህ ትብሳለች። በአንድ መንጋ ውስጥ ብዙ ንግሥቶች ስላሏት፣ ስትረጭ መንጋው ተከፋፍሎ እጩን ተሸክሞ ይሰደዳል። በአንድ ክፍል የነበረው በሦስት ክፍል ይሆናል። መርዙ ያረፈበት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ወደ አፋቸው የሚሰዱት ደግሞ የአራት ዓመት ልጆች ናቸው።

«እኛ ቤት ጉንዳን የለም፤ ከትምህርት ቤት ነው የሚመጣው» የሚል ወላጅ እንደሚኖር እናውቃለን። ቅዳሜና እሑድ ቦርሳዎቹ ያሉት እናንተ ዘንድ ነው። ሰኞ ጠዋት ቦርሳው ሲከፈት ቁጫጭ ከወጣ፣ ያደረው የት እንደሆነ አብረን እንጠይቅ። ጥፋቱን ወደ እናንተ ለመግፋት አይደለም፤ በእኛ በኩል ያለውን አልካድንም። የቆሻሻ ቅርጫቶች ክዳን ተገጥሞላቸዋል፣ ማባበያም፣ ማለትም ጉንዳኑ ወደ ጎጆው ይዞት የሚገባው መርዝ ያለበት ጣፋጭ፣ ዓርብ ልጆች ከወጡ በኋላ ተቀምጦ ሰኞ ከመግባታቸው በፊት ይነሳል። ነገር ግን እኛ በሳምንቱ መጨረሻ የቀነስነው በየሰኞው በቦርሳ ከተመለሰ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ቤታችሁን ለመፈተሽ አንድ ምሽት ይበቃል። ማታ ኩሽናው ከጸዳ በኋላ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ማር አድርጋችሁ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አስቀምጡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በባትሪ ተመልከቱ። ከመጡ አትግደሏቸው፤ ጠግበው የሚመለሱትን ተከተሉ። ብዙውን ጊዜ የሚገቡት ቧንቧ ግድግዳውን በሚበሳበት ቦታ፣ በመስኮት ክፈፍ ወይም በሶኬት ዳር ነው። በሴራሚክ መጋጠሚያ ላይ የተከመረ ደቃቅ አፈርም ምልክት ነው። ከዝናብ በኋላ ክንፍ ያለው ካያችሁ ግን ምስጥ እንዳይሆን በደንብ እዩት። የጉንዳን ወገብ ቀጭን ነው፣ አንቴናው ይታጠፋል፣ የፊት ክንፉም ከኋላው ይረዝማል። የምስጥ ወገብ አልቀጠነም፣ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው። ምስጥ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው አይመለከተውም።

ማባበያው እንዲህ ይዘጋጃል። በአንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር ገደማ በሚሆን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቦሪክ አሲድ ዱቄት አሟሙ። ጥጥ ነክራችሁ በጠርሙስ ክዳን ላይ፣ ልጅና እንስሳ በማይደርስበት የሰልፉ መንገድ አስቀምጡ፤ የተረፈውን «መርዝ» ብላችሁ ጽፋችሁ ቆልፉበት። «ጠንከር ባደርገው ይሻላል» እንዳትሉ፤ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ከበዛ ሠራተኛዋ መንገድ ላይ ትሞታለች፤ የምንፈልገው ግን በሆዷ ይዛ ገብታ ንግሥቲቱንና እጩን እንድታጎርስ ነው። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ቁጥራቸው ይጨምራል። አትደንግጡ፣ አትርጩም። ጥጡ ሲደርቅ በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀይሩት፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ወደ ስኳሩ ካልቀረቡ ቅባት ፈልገው ሊሆን ስለሚችል ዱቄቱን በጥቂቱ በለውዝ ቅቤ ለውሱት።

ቅደም ተከተሉን አደራ። ስንጥቁን መጀመሪያ የሚደፍን ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ጉንዳኑ ሌላ በር ይከፍታል፣ እናንተም መንገዱን ታጣላችሁ። ሰልፉ ከጠፋ በኋላ ነው መንገዱን በሳሙና ውሃ ወይም እኩል በእኩል በተቀላቀለ ኮምጣጤና ውሃ መወልወል፣ ቀጥሎም በሲሚንቶ ወይም በሲሊኮን መድፈን። ግድግዳ የሚነካ ቅርንጫፍ ድልድይ ስለሆነ ይቆረጥ። ጽጌረዳውና ሎሚው ላይ ክሽክሽ፣ ማለትም የተክል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ፣ ካለ እጠቡት፤ ጉንዳን የሚጠብቀው ከእሱ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ለመላስ ነው። እናቶቻችን የሚበትኑት አመድ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ያግዳል፣ እርጥበት ሲነካው ግን ዋጋ የለውም። የስኳር ዕቃውን ውሃ ባለበት ሰሃን ላይ ማስቀመጥም ጥሩ ነው፤ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ከተጨመረበት ለመሻገር የሞከረው ይሰምጣል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እንጠይቃለን። ማላታይንም ሆነ ሌላ የእርሻ መርዝ፣ ነጭ ጋዝም ጭምር፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ ቤት አታስቀምጡ። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው የሚመስለው።

ከእናንተ የምንጠብቀው ብዙ አይደለም። ምሳ ዕቃው የሚገጥም ክዳን ይኑረው፤ የክዳኑ ጎማ በየማታው ወጥቶ ይታጠብ፣ ማርማላታና ጁስ የሚጠራቀመው እዚያ ነውና። ቦርሳው ማታ ተራግፎ ይሰቀል፣ ኩሽና ወለል ላይ አይደር። «ሥራ ውለን ስንመጣ ይህን ማን ያደርጋል?» ለምትሉን፣ ድካማችሁ ይገባናል፤ ቦርሳ ማራገፍንና መስቀልን ግን የአንደኛ ክፍል ልጅም ይችላል፣ እኛም እናስተምራለን።

«ክፍያ እየከፈልን ጉንዳን እንዴት እንታገሣለን?» ያላችሁን ወላጆችም አልዘነጋንም። ታገሡ አላልንም። ክፍያችሁ ልጃችሁን ከመርዝ መጠበቅንም ይጨምራል፤ ስለዚህ ለአምስተኛ ጊዜ ብትጠይቁንም ክፍሎቹ አይረጩም። የማባበያውን አቀማመጥ ማየት የሚፈልግ ወላጅ ዓርብ ከ10 ሰዓት በኋላ ቢመጣ በደስታ እናሳያለን።

ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ረዳት መምህራን የመዋዕለ ሕፃናት ቦርሳዎችን በመግቢያው ላይ ከፍተው ያያሉ። ቁጫጭ የተገኘበት ቦርሳ ውጭ ተራግፎ ይገባል፣ በመገናኛ ደብተሩም ይጻፋል፤ እባካችሁ ፈርማችሁ መልሱልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር