የቅዳሜው የተውኔት ንባብ

ሰላም ለሁላችሁ፣

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በተለመደው ቦታችን የቲ.ኤስ. ኤልየትን የግጥም ተውኔት «ግድያ በካቴድራሉ»ን እየተወንን እናነባለን፤ ከዚያ እንወያያለን። እ.ኤ.አ. በ1170 እንግሊዝ አገር ካንተርበሪ ካቴድራል ውስጥ ስለተገደለው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት ነው። አራቱ የንጉሡ ፈረሰኞች ከገደሉት በኋላ ግጥሙን ትተው፣ ወደ ተመልካቹ ዞረው በስድ ንባብ ራሳቸውን ይከላከላሉ። ለእኔ ዋናው ትዕይንት ይሄ ነው፤ ያስቃል፣ ያሳፍራልም። ውይይቱን ግን ቤኬትን ለክብር ሲል ሰማዕት እንዲሆን ከሚገፋፋው ከአራተኛው ፈታኝ እንጀምር፦ ለክብር ብሎ የሚሞት ሰው ሰማዕት ነው?

የካንተርበሪ ሴቶችን በኅብረት የሚያነቡ 5 ሰዎች ያስፈልጋሉ። እነሱ ቀድመው ቢለማመዱ ይሻላል። የተውኔቱን ቅጂና እርሳስ ይዛችሁ ኑ። አልባሳት አያስፈልግም።

የትኛውን ገጸ ባሕርይ እንደምትፈልጉ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። ዝም ያለ ፈረሰኛ ይሆናል!