ቀኝ እጅ ሲዘረጋ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

መጨባበጥ የተጀመረው «መሣሪያ አልያዝኩም» ለማለት ነው የሚለው ወሬ ደሴም ኮምቦልቻም እንደ እርግጥ ታሪክ ይነገራል። ግምት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት በተቀረጸ ድንጋይ ላይ የአሦሩ ንጉሥ ሦስተኛው ስልምናሶር ከባቢሎን ንጉሥ ጋር እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ይታያሉ፤ የሚያሳየው ቃል ኪዳንን ነው። በጥንት ግሪኮች የመቃብር ድንጋይ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሟችና የቋሚ ስንብት ተደርጎ ይተረጎማል።

የእኛው ሥርዓት ግን እየተረሳ ነው፤ ያሳዝናል። ለታላቅ እጅ የሚሰጠው ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ ክንድን በግራ እጅ ደግፎ ነው። እጁን ሊጥ ወይም ወጥ የነካው ሰው አንጓውን ይሰጣል፤ ሰላም ባዩም አንጓውን ይይዛል እንጂ መዳፉን አይፈልግም። ግራ እጅ ብቻውን ከተዘረጋ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ሙስሊምና ክርስቲያን ተዋዶ በሚኖርበት ከተማችን፣ እጇን ያልዘረጋችን ሴት እጅ መሳብ ነውር ነው። ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ሙሉ ሰላምታ ነው።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከደሴ