ሾነን ስለተባለ ብቻ ለልጅ ይሆናል ማለት አይደለም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጃፓን ማንጋና አኒሜ (የሥዕል ታሪክና አኒሜሽን ፊልም) ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ለወላጆች ማሰባችሁ ደስ ይላል ግን ሾነን የሚባለው ዓይነት ከሆነ ልጆች ይዩት ሰይነን ከሆነ ግን አርቁት ያላችሁት ነገር አያስኬድም፣ እንደውም ሰው ያሳስታል።

ሾነን፣ ሾጆ፣ ሰይነን፣ ጆሴ ምናምን የሚባለው እኮ የዕድሜ ገደብ አይደለም፣ ማንጋው መጀመሪያ የትኛው መጽሔት ላይ እንደወጣ ነው የሚናገረው። አሳታሚዎቹ መጽሔቶቻቸውን የሚለዩት በገዢ ነው፣ ሾነን ለታዳጊ ወንዶች፣ ሾጆ ለታዳጊ ሴቶች፣ ሰይነንና ጆሴ ደግሞ ከፍ ላሉት፣ በቃ። መጽሔቶቹን ገለጥ ብታደርጉ ልዩነቱ ከፊደሉ ያስታውቃል፣ ሾነንና ሾጆ ላይ ካንጂ ከሚባለው ከባዱ የጃፓን ፊደል አጠገብ አነባበቡ በደቃቃ ፊደል ይጻፍለታል (ፉሪጋና ይሉታል)፣ ገና ካንጂ እየተማረ ያለ ልጅ እንዳይቸገር ነው፣ ሰይነን ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። እንግዲህ የታሰበለት ማንበብ እንዲችል ነው፣ ደም አያይም ያለ ማንም የለም።

ዴዝ ኖትን ውሰዱት፣ 2003 ላይ የጀመረው ሾነን ጃምፕ የሚባል መጽሔት ላይ ነው፣ ታሪኩ ደግሞ ደብተር ላይ ስም እየጻፈ ሰው የሚገድል ተማሪ ነው። አታክ ኦን ታይታንም 2009 ላይ በሾነን መጽሔት ነው የጀመረው፣ እሱ ላይ ሰው ከነነፍሱ ነው የሚበላው!! በተቃራኒው ኬኦን የሚባለው፣ ባንድ መስርተው ከልምምዱ ይልቅ ሻይና ኬክ የሚቀናቸው ተማሪ ልጆች ታሪክ፣ የወጣው አዋቂ ወንዶች የሚገዙት የሰይነን መጽሔት ላይ ነው። በእናንተ ምክር ከሄድን ልጁ ሰው ሲበላ እያየ ኬክ ሲበላ እንዳያይ ልንከለክለው ነው።

ሾጆንም የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጋችሁታል፣ ሴለር ሙን እኮ ናካዮሺ የሚባል የሾጆ መጽሔት ላይ ነው የወጣው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውጊያ ነው። ለትናንሾቹ የሚሆነውን ኮዶሞን ደግሞ ጭራሽ አላነሳችሁትም፣ ኮሮኮሮ የሚባለው መጽሔት ከ1977 ጀምሮ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እየታተመ ነው፣ ወላጅ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት እኮ እሱን ነበር።

የዕድሜው ነገር ራሱን የቻለ ሬቲንግ (የዕድሜ ደረጃ) አለው። የዲመን ስሌየር ሙገን ትሬን ፊልም 2020 ሲወጣ፣ ማንጋው የሾነን ጃምፕ ሆኖ እያለ ጃፓን ራሷ ፒጂ 12 ነው የሰጠችው፣ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ የወላጅ ምክር ያስፈልገዋል ማለት ነው፣ አሜሪካ ደግሞ አር አሉት፣ ከ17 በታች የሆነ ልጅ ያለ አዋቂ አይገባም። አንድ ፊልም፣ ሁለት አገር፣ ሁለት ውሳኔ፣ ሾነን መሆኑ ግን የትም አልተቀየረም።

ስለዚህ ያወጣችሁትን ዝርዝር መልሳችሁ ካተማችሁት ከየርዕሱ ጎን ሬቲንጉን ጻፉልን፣ ሾነን የሚለውንም ተዉት አላልኩም፣ ቢያንስ የየትኛው መጽሔት እንደነበር ይነግረናል።

አንባቢያችሁ