የድጋፍ ጥሪ፦ የመራጮች ምዝገባ የድሬ ልጆችን እንዳያመልጣቸው

ሰኔ 14 ቀን 2013 ጠዋት ድሬዳዋ ውስጥ ድምፅ ለመስጠት ተሰልፌ ነበር። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መጣ። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል፤ የቀበሌ መታወቂያውን በእጁ ይዟል። «ቲቸር፣ ካርዱን የሚሰጡት የት ጋ ነው?» አለኝ። የመራጭነት ካርድ የሚወሰደው በዚያው ዕለት መስሎታል። ምዝገባው ካለቀ ቆይቷል። «አቦ! ማን ነገረኝ?» ብሎ ተመለሰ።

እውነቱን ነው። ሥነ ዜጋ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 38 አስጠንቼዋለሁ። 18 ዓመት የሞላው ሰው መምረጥ እንደሚችል በደንብ ያውቃል። መዝገቡ ቀድሞ እንደሚዘጋ ግን አልነገርኩትም። ያ ልጅ ፍላጎት አላጣም፤ ያጣው የሚነግረው ሰው ነው።

ለዚህ ነው ከጥቂት መምህራንና ወላጆች ጋር ሆነን የ11ኛ እና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ምዝገባ ልናስተምር የተነሳነው። መታወቂያ ያላወጣ እንዲያወጣ እናግዛለን። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ደግሞ የት ይመዝገብ? ሕጉ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ይጠይቃል። ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ይገርማቸዋል።

ባለፈው የክፍል አለቃ ምርጫን እንደ እውነተኛ ምርጫ አድርገን ሞከርነው። ኒም ዛፉ ሥር ጠረጴዛ አወጣን፤ በነጠላ ከለልነው። የብስኩት ካርቶን ቀደን ሳጥን ሠራን። አንዲት ልጅ ምልክቷን አድርጋ ወረቀቱን አራት ጊዜ አጠፈችው። ከሳጥኑ ቀዳዳ አልገባ ሲላት «እንዳታዩብኝ!» እያለች በመዳፏ ሸፍና ገፋችው። ቆጠራው ጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ ሁሉም እያየ ነበር። የተሸነፈው ልጅ ራሱ ቆጥሮ አረጋገጠ።

አሁን ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ልንሄድ ነው። የመራጮች ትምህርት በይፋ ለመስጠት የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማመልከቻውን እያዘጋጀን ነው፤ ሳይፈቀድልን አንጀምርም። ከየትኛውም ፓርቲ ሳንቲም አንቀበልም። ስለ እጩም አናወራም።

የጎደለን ብዙ አይደለም። ወረቀትና የፕሪንተር ቀለም፣ ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች፣ አንድ የእጅ ድምፅ ማጉያ፣ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለሚሄዱ መምህራን የትራንስፖርት። ማተሚያ ቤት ያላችሁ ሥራውን በዋጋው ብትሠሩልን ትልቅ ነገር ነው። ውጭ አገር ያላችሁ የድሬ ልጆችም፣ የተማራችሁበትን ክፍል አስቡ።

ገንዘቡን የሚቀበለው የትምህርት ቤታችን የወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረት ነው። ያለ ደረሰኝ ለማንም አትስጡ። ዕቃ የምታመጡ ቅዳሜ ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ኑ፤ ከሰዓት ሙቀቱ አያስቀምጥም። የወጪውን ዝርዝር በየወሩ በር ላይ እንለጥፋለን።

ገንዘብ የሌላችሁ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ አጥርታችሁ የምትጽፉ ከሆነ እናንተንም እንፈልጋለን። በራሪ ወረቀቱ በአማርኛ ብቻ ነው የተዘጋጀው፤ ድሬ ላይ ደግሞ ይሄ አይበቃም።