ስለ ልጅሽ ዕዳና ስለሞላው ፎርም

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋሼስ እንዴት ናቸው፣ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው «ልጄ ስማችንን ለአሜሪካ መንግሥት ለምን ሰጠ? ምን ሊያደርጉን ነው?» ብለሽ ስትጨነቂ ስልኩ እየተቆራረጠ በደንብ አላስረዳሁሽም። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ልጅሽ ሊገባበት ያለው ድርጅት ለፔንታጎን፣ ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ማለት ነው፣ የኮምፒውተር ኔትወርክ የሚሠራ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ዜግነት ብቻ አይበቃም፣ ሴኩሪቲ ክሊራንስ የሚሉት የምስጢር ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚሞላው ፎርም ኤስኤፍ 86 ይባላል፣ ከ100 ገጽ በላይ ነው። የኖረበትን ቤት፣ የሠራበትን ቦታ፣ የወላጆቹንና የእህት ወንድሞቹን ስም፣ አድራሻና ዜግነት፣ ውጭ አገር ያለ ሰው በገንዘብ ይረዳ እንደሆነ ሳይቀር ይጠይቃል። ስማችሁ የገባው በዚህ ነው። ማንም አመልካች የቤተሰቡን ይጽፋል፣ እናንተ ጥፋት ተገኝቶባችሁ አይደለም። እዚህ አንዳንዱ «አገር ቤት ያለ ዘመድህን ዝለለው፣ ነገር ያበዛብሃል» ብሎ ይመክራል። እኔ ይሄን ምክር ስሰማ ያመኛል። እናቱን ከፎርም ላይ የሰረዘ ልጅ ነገ መርማሪ ፊት ተቀምጦ ምን ሊል ነው?

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፣ ዕዳው። ጋሼ ልባቸውን ሲታከሙ የላከው ብር ከየት የመጣ መስሎሽ ነበር? ከክሬዲት ካርድ ነው እታለም። ሦስት ካርድ ሞልቶ ነው የላከው፣ ያውም የሥራ ሰዓቱ በተቀነሰበት ጊዜ። እንዳትሳቀቁ ብሎ አልነገራችሁም። ሁለቱን እየከፈለ ነው፣ ሦስተኛው ግን ከረመና ኮሌክሽን ገባ፣ ማለትም ባንኩ ለዕዳ ሰብሳቢ አሳልፎ ሰጠው። ፎርሙ ደግሞ ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ ከ120 ቀን በላይ ያለፈበት ዕዳ ነበረብህ ወይ ይላል። ልጁ አፍሮ «የለም» ሊል ነበር። ጓደኞቹም «ማን ያየዋል» አሉት።

እንዴት አያዩትም! ክሬዲት ሪፖርቱን፣ ማለትም የዕዳና የአከፋፈል ታሪኩ የተጻፈበትን መዝገብ፣ ራሳቸው ያወጡታል። መርማሪ ፊት ለፊት አስቀምጦ ይጠይቀዋል፣ ጎረቤቱን፣ የቀድሞ አለቃውን ያናግራል። ፈቃዱን ካገኘ በኋላም ክትትሉ አይቆምም።

በዕዳ የሚጨነቁት በከንቱ አይደለም። ኦልድሪች ኤምስ የሚባል የሲአይኤ፣ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት፣ ሰው በፈረንጆቹ 1985 ብር ሲቸግረው ምስጢር ለሶቭየቶች መሸጥ ጀመረ፣ በሱ ጦስ ለአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ተገደሉ። የተያዘው በ1994 ነው፣ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ስለዚህ ዕዳ አንቆ የያዘው ሰው ይፈተናል ብለው ይፈራሉ፣ አልፈርድባቸውም።

ግን ዕዳ ያለበትን ሁሉ አይጥሉም። ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ የሚሠሩበት መመሪያ 13 መመዘኛ አለው፣ ገንዘብ አንዱ ነው፣ ሐቀኝነት ደግሞ ሌላው። በገንዘቡ በኩል ዕዳው ከምን መጣ፣ ሰውየውስ ምን አደረገ ብለው ያያሉ። በሽታ፣ ፍቺ፣ ከሥራ መፈናቀል ይታሰብለታል፣ አበዳሪውን አነጋግሮ በየወሩ እየከፈለ ከሆነ ያ በጣም ይረዳዋል። አውቆ መዋሸት ግን ፈቃዱን ከማስከልከል አልፎ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። እዚህ የማውቀው አንድ የአገራችን ሰው ነበር። ዕዳው ትንሽ ነበር፣ በዓመት ከፍሎ የሚጨርሰው፣ እሱ ግን «የለም» ብሎ ሞላ። የተከለከለበት ምክንያት በጽሑፍ ሲመጣለት አንዱ ዕዳው ሌላው ውሸቱ ነበር። ዕዳውን ከፍሎ ደረሰኝ አቀረበ፣ ውሸቱን ግን በምን ይክፈለው? ፈቃዱንም ሥራውንም አጣ። በጣም አሳዘነኝ፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር።

ልጅሽን ይሄንን ሁሉ ነግሬው «አዎ» ብሎ ሞላ፣ ምክንያቱንም ከሥሩ ጻፈ። ከዕዳ ሰብሳቢውም ጋር በወር በወር ሊከፍል ተስማምቷል።

አሁን ከአንቺ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። የጋሼን የሆስፒታል ደረሰኞችና የሐኪሙን ወረቀት ፈልጊልኝ፣ ማኅተሙና ቀኑ እንዲነበብ አድርገሽ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ለሕክምና ነው ያለውን የሚያስረዳለት እሱ ነው። ሁለተኛ፣ የቤቱን ፎቅ ነገር ለጊዜው አታንሺበት። አንቺ ካልሽው እምቢ አይልም፣ ሌላ ካርድ ያወጣል፣ አውቀዋለሁ። የወር ቀለባችሁን እኔ ከዚህ ወር ጀምሮ እልካለሁ።

ደረሰኞቹ ከጠፉ ሆስፒታሉ ቅጂ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቂልኝ፣ መርማሪው ከመደወሉ በፊት በእጁ ቢኖር ጥሩ ነው።

ወንድምሽ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ