ማሪነርስ ዘንድሮ የት ድረስ ይሄዳል?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ስፖርት ገጻችሁ ላይ አርሰናልና ማንቼ በየሳምንቱ አሉ፣ ደስ ይላል፣ ግን እዚህ ሲያትል ከኦቴሎ ሰፈር ባቡር ተሳፍረን ወርደን ስለምናየው የቤዝቦል ቡድን፣ ስለ ማሪነርስ፣ አንድም ነገር አላነበብኩም፣ ሲዝኑ ሊጀምር ስለሆነ እኔ ልጻፍ ብዬ ነው።

ሲያትል የገባሁት በ2001 ነው፣ ማሪነርስ 116 ጨዋታ ያሸነፈ ጊዜ። ቤዝቦል ምን እንደሆነ ሳላውቅ ከተማው ሁሉ የቡድኑን ኮከብ ኢቺሮ ኢቺሮ ሲል እኔም ለመድኩት። ከዛ በኋላ 21 ዓመት ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ያለው የጥሎ ማለፍ ውድድር) የሚባል ነገር የለም፣ ድርቅ ነው በቃ። በ2022 ተጫዋቻችን ካል ራሊ በመጨረሻው፣ በዘጠነኛው ኢኒንግ (ዙር) ሆም ረን፣ ኳሷን ከሜዳ የሚያስወጣውን ምት፣ መቶ ሲገላግለን መኪና ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ።

አምና በ2025 ደሞ ይኸው ራሊ 60 ሆም ረን መታ። ካቸር እኮ ነው፣ ከመቺው ጀርባ ኳስ የሚቀበለው፣ ጨዋታውን ሙሉ ቁጢጥ ብሎ የሚውል ሰው። 90 ጨዋታ አሸንፈው ከ2001 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዲቪዥኑን (ምድባችንን) ወሰዱ። በፕሌይኦፉ የዲትሮይቱን አምስተኛና ወሳኝ ጨዋታ ኤርፖርት መንገደኛ ስጠብቅ በሬድዮ ነው የሰማሁት፣ 15 ኢኒንግ ሄደ፣ የኛው ፖላንኮ መቶ 3 ለ 2 ሲያልቅ ከየመኪናው ወጥተን ተቃቀፍን፣ ሶማሌው፣ ሕንዱ፣ ሁላችንም። ከዛ ከቶሮንቶ ጋር፣ ወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) የሚያስገባው ሰባተኛው ጨዋታ፣ 3 ለ 1 እየመራን ስምንት አውት፣ ማለት ስምንት መቺ ማስወጣት፣ ሲቀረን የቶሮንቶው ስፕሪንገር ሶስት ሰው የሚያስገባ ሆም ረን መታ። ክው ነው ያልኩት። ወርልድ ሲሪስ ገብቶ የማያውቅ ቡድን የኛ ብቻ ነው እስከዛሬ።

ዘንድሮስ? ፕሌይኦፍ ይገባሉ፣ በዚህ አልጠራጠርም። ፒቸሮቹን፣ ኳስ ወርዋሪዎቹን፣ እዩአቸው፣ አምና ጊልበርት ተጎዳ፣ ከርቢ ተጎዳ፣ ሚለር ተጎዳ፣ ብራያን ዉ መጨረሻ ላይ ተጎዳ፣ ካስቲዮ ብቻ ነው ዓመቱን ሙሉ የቆመው፣ እንደዛም ሆነው 90 አሸነፉ። ጤና ከሰጣቸው ማን ይችላቸዋል? መቺው ናይለር ደሞ ለአምስት ዓመት ፈርሟል፣ ሰውየው ወፍራም ነው ግን አምና 30 ቤዝ ሰርቋል፣ ማለት ኳስ ሳይመታ ሮጦ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ደርሷል፣ ፒቸሩን አይኑን አይቶ ነው የሚነሳው። ፖላንኮ ወደ ኒውዮርኩ ሜትስ መሄዱ ግን ያመኛል፣ ራሊም በየዓመቱ 60 ይምታ ማለት አይቻልም፣ 40 ቢመታም ትልቅ ነገር ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ መግባቱ ሳይሆን እንዴት እንደሚገቡ ነው። ከየሊጉ ስድስት ቡድን ይገባል፣ ከዲቪዥን አሸናፊዎቹ ሁለቱ የተሻሉት የመጀመሪያውን ዙር ይዘሉታል፣ ሌሎቹ ሶስት ጨዋታ ብቻ ያለው ዙር ውስጥ ይገባሉ፣ እዛ ላይ ጥሩ ቡድንም በሁለት ቀን ተጠቅልሎ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚ ኤፕሪል ላይ የሚጣለው ጨዋታ ቀላል አይደለም። በ2023ም በ2024ም በአንድ ጨዋታ ነው የቀረነው፣ በአንድ! መቺያችን ሁሊዮ ሮድሪጌዝ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚነቃው ከጁላይ በኋላ ነው፣ ልጁን በጣም ነው የምወደው፣ ዘንድሮ ግን ከሜይ ጀምሮ ቢመታልን የምድባችን ተቀናቃኞች ሂውስተንና ቴክሳስ አይደርሱብንም፣ ዲቪዥኑንም የመጀመሪያውን ዙር መዝለሉንም እናገኛለን ብዬ ነው የማስበው።

አንድ ነገር ግን እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል። ስፕሪንገር የመታባት ያቺ ሰባተኛ ኢኒንግ ላይ አሰልጣኙ ዳን ዊልሰን ፒቸሩን ባዛርዶን ነው ያስገባው፣ በኔ እምነት ሌላው ፒቸር ሙኞዝ መግባት ነበረበት፣ ምርጡን ሰው እዛች ሰዓት ካልተጠቀምክበት መቼ ልትጠቀምበት ነው? ልጄ ግን ባዛርዶ ዓመቱን ሙሉ ጥሩ ነበር ብሎ ይከራከረኛል። ከአንባቢዎቻችሁ የማሪነርስ ደጋፊ ካለ እስቲ በጋዜጣችሁ ይመልስልኝ፣ እሱ ቢሆን ማንን ያስገባ ነበር?

አክባሪያችሁ፣
ከሲያትል